የአውስትርያ ዕጣ

ጉልበት ላነሰው ሰው ከሰይፍ ይልቅ መልካም ንግግር እንደሚበጀው አባቶቻችን በምሳሌ ነግረውናል፤ «ትንሽ ቆሎ ይዘህ ወደ አሻሮ ተጠጋ» ማለታቸውም ስለዚሁ ነው። እኔም ይህን ምሳሌ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ከምቆጥርበት ዘመን ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ነገር ግን ትርጓሜው በእውነት የገባኝ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፥ ከልጆቼ ጋራ በአንድ የጨዋታ ገበታ ዙሪያ ተቀምጬ ድል በሆንሁ ጊዜ ነው። የዚህ ገጽ አንባቢዎች አብዛኞቹ ሹመትና ቤተ ሰብ ያለባቸው ሰዎች ስለ ሆኑ፥ የደረሰብኝን ባጫውታቸው አይሰለቹም ብዬ አሰብሁ።

ጨዋታውን ያመጣልን የእኅቴ ልጅ ነው። ለዕረፍት ከአሜሪካ ሲመጣ ልብስና ጫማ ያወጣል ብለን ስንጠብቅ ከሻንጣው አንድ ሰፊ ሣጥን አወጣ። በውስጡም የአውሮፓ ካርታ የተሣለበት ገበታና በሰባት ዓይነት ቀለም የተለዩ ትንንሽ የጦርና የመርከብ ምልክቶች ነበሩበት። ስሙ «ዲፕሎማሲ» ይባላል። የፈጠረው አለን ካልሃመር የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. አሰናድቶ ከጨረሰው በኋላ የሚያሳትምለት ነጋዴ ስላላገኘ፥ በ1959 ዓ.ም. በራሱ ገንዘብ 500 ሣጥን አሠርቶ ሸጠ። ጨዋታው በብዙ አገር ስሙ ከተጠራ በኋላም እርሱ ራሱ ፖስታ አዳይ ሆኖ ሲሠራ ኖሮ በ2013 ዓ.ም. ዐረፈ። ነገሥታትን በወረቀት የሚያዋጋ ሰው ለጎረቤቶቹ ደብዳቤ እያደረሰ መኖሩን በሰማሁ ጊዜ፥ እኔም የወረቀት ሰው ነኝና ወደድሁት።

ሰንጠረዥ የምታውቁ አንባቢዎች ልዩነቱን ቶሎ ታስተውሉታላችሁ። በሰንጠረዥ ሁለቱ ወገኖች 16፥ 16 ሠራዊት አሰልፈው በእኩልነት ይጀምራሉ፤ የተሸነፈም ሰው ከራሱ አእምሮ በቀር የሚከሰው የለውም። በዚህኛው ግን ሰባት መንግሥታት አሉ፤ እነርሱም እንግሊዝ፥ ፈረንሳይ፥ ጀርመን፥ ኢጣልያ፥ አውስትርያ፥ መስኮብና ቱርክ ናቸው። ዘመኑ 1901 ዓ.ም. ነው። ለሠራዊት ስንቅ የሚገኝባቸው ስፍራዎች 34 ሲሆኑ፥ 18ቱን የያዘ መንግሥት ያሸንፋል። መስኮብ በአራት፥ የቀሩት በሦስት በሦስት ጦር ይጀምራሉ። ዕድል የሚጣልበት ነገር ፈጽሞ የለም። የጦሮቹ ሁሉ ጉልበት እኩል ስለ ሆነ፥ አንዱ ሌላውን ከስፍራው ለማስለቀቅ የሚችለው ሌላ ጦር ሲረዳው ብቻ ነው። ከያንዳንዱ ዘመቻ በፊት ተጫዋቾቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየጓዳው ይመካከራሉ፤ ከዚያም ሁሉም ትእዛዙን በስውር በወረቀት ይጽፋል፥ የሁሉም ወረቀት በአንድ ጊዜ ይነበባል። በጓዳ የገቡትን ቃል መጠበቅ ግን በደንቡ ግዴታ አይደለም።

ሰባት ሰው ለመሙላት እኔ፥ ባለቤቴ፥ ሴት ልጄ፥ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ፥ የእኅቴ ልጅና ጎረቤታችን መምህሩ ተሰበሰብን። ዕጣ ሲወጣ ለእኔ አውስትርያ ደረሰችኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ አሮጌ ካርታ ያች አገር ከመካከል ሰፍታ ተቀምጣ አያት ስለ ነበር፥ መካከል መሆን ክብር መስሎኝ ደስ አለኝ። የእኅቴ ልጅ ግን ፈገግ ብሎ «ጋሼ፥ ከባዱ ደረሰዎ» አለኝ።

እውነቱን ነው። እንግሊዝ በባሕር ታጥራለች፤ ቱርክ ጀርባዋን ከማዕዘን አስደግፋለች። አውስትርያን ግን ከአንድ ወገን ኢጣልያ፥ ከአንድ ወገን ጀርመን፥ ከአንድ ወገን መስኮብ፥ በባልካን በኩል ደግሞ ቱርክ ይከብቡአታል። ያላትም ሁለት የምድር ጦርና በትሪዬስቴ የቆመች አንዲት መርከብ ብቻ ናት። ከሁሉ የሚብሰው ትሪዬስቴ ከኢጣልያ ከተማ ከቬኒስ ጋራ መዋሰኗ ነው። በገበታው ሁሉ ላይ የሁለት መንግሥታት መነሻ ከተሞች ግድግዳ ለግድግዳ የሚገናኙት በዚህ ስፍራ ብቻ ነው።

የምክር ጊዜ በሆነ ጊዜ ሰው ሁሉ እየተጠራራ ወደ ጓዳና ወደ በረንዳ ሄደ። እኔ ግን የቤቱ አባት ነኝና፥ ጉዳይ ያለው ወደ እኔ ይምጣ ብዬ በወንበሬ ተደላድዬ ተቀመጥሁ። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራዬም ባለ ጉዳይ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣል እንጂ እኔ ወደ ባለ ጉዳይ ሄጄ አላውቅም። ማንም አልመጣም። በ1901 ጸደይ ሦስቱንም ጦሮቼን «በያሉበት ይጠብቁ» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ ሲነበብ መስኮብ የሆነው የእኅቴ ልጅ ከዋርሶ ተነሥቶ ጋሊሲያ ገብቶአል፤ ኢጣልያ የሆነው ታላቁ ልጄም አንዱን ጦር ከቬኒስ ወደ ቲሮል አሻግሮ፥ ሌላውን ከሮማ ወደ ቬኒስ አስጠግቶአል።

ያን ጊዜ ደነገጥሁ፤ ነገር ግን አሁንም ከወንበሬ አልተነሣሁም። በመጸው ለቡዳፔስቱ ጦር «እንደ ሁኔታው ትሪዬስቴን ወይም ቪዬናን ይርዳ» የሚል ትእዛዝ ጻፍሁ። በእኛ ሥራ «እንደ ሁኔታው» የሚለው ቃል ስንቱን ጭንቅ ያሳልፋል! የእኅቴ ልጅ ግን የደንቡን መጽሐፍ አውጥቶ ተረጐመልኝ፤ ትእዛዝ ቁርጥ ያለ ካልሆነና በ«ወይም» ከታሰረ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፥ ጦሩም ዝም ብሎ ቆሞ ይቀራል። ልጄ በሁለት ጦር ትሪዬስቴን ገፋ። የቡዳፔስቱ ጦር በግልጽ ቢረዳት ኖሮ ሁለት ለሁለት ሆና ትድን ነበር፤ በአንድ «ወይም» ምክንያት ወደቀች። በ1902 ጸደይ ቪዬና፥ በዚያው ዓመት መጸው ቡዳፔስት ተከተሉአት። ሌሎቹ እስከ ማታ ሲዋጉ እኔ ፈንዲሻና ቡና የማቀርብ ሰው ሆንሁ።

ማታ ዕቃው ሲሰበሰብ ሴት ልጄ ቀረብ ብላ፥ «አባባ፥ ለምን ከማንም ጋራ ሳይነጋገሩ ቀሩ?» አለችኝ።

«እነርሱ ይመጣሉ ብዬ ነዋ» አልኋት።

«እንግሊዝን ቢሆኑ መጠበቅ ይችሉ ነበር። አውስትርያ ግን ተቀምጣ አትጠብቅም» አለችና ሣጥኑን ዘጋችው።

ይህን የተናገረችው ስለ ጨዋታው ነበር። እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ። ምክንያቱን ለአንባቢዎቼ ልግለጽ። ከታላቅ ወንድሜ ጋራ ከተነጋገርን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። ከአባታችን የወረስነው ግቢ ለሁለታችን ሲከፈል ድንበሩ በቆርቆሮ አጥር ተለይቶ ነበር፤ ወንድሜም አጥሩን አንሥቶ የድንጋይ ግንብ ሲያሠራ ወደ እኔ ወገን ሁለት ክንድ ያህል ገፋ። በሰው ብልክበት «ሕግ አዋቂው እርሱ አይደለምን፥ ይክሰሰኝ» ሲል መለሰ። እርሱ ነጋዴ ነው፤ ገንዘብም ወዳጅም ሞልቶታል፥ እኔ ግን የወር ደመወዝተኛ ነኝ። ስለዚህ የክስ ማመልከቻዬን አሳምሬ ጻፍሁና በመሳቢያዬ አኖርሁት። ታላቅ ነኝ የሚል እርሱ ስለ ሆነ እርሱ ይምጣ እያልሁ እጠብቅ ነበር። በሥራዬ የወንድማማች ክርክር ብዙ ገልብጫለሁ። ከነዚያ መዝገቦች በብዙዎቹ መጨረሻ ላይ ያየሁት ግቢው በሐራጅ ተሽጦ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ሲገባበት ነው። ይህን እያወቅሁ ማመልከቻው በመሳቢያዬ ተቀምጦአል።

በዚያው ሳምንት ስለ እውነተኛይቱ አውስትርያ ከመጻሕፍት ፈልጌ አነበብሁ። አውስትርያና ኢጣልያ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ከጀርመን ጋራ የቃል ኪዳን ጓደኞች ነበሩ፤ ነገር ግን ባንድ ቃል ኪዳን ውስጥ ሆነው ስለ ትሪዬስቴና ስለ ቲሮል በልባቸው ይፈላለጉ ነበር። በ1914 ዓ.ም. አውስትርያ በሰርብያ ላይ ጦርነት ስታነሣ ኢጣልያ ከዳር ቆመች፤ በ1915 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ዞራ ወጋቻት። በ1918 ዓ.ም. ያች ሰፊ መንግሥት ተበታተነች፥ ትሪዬስቴም ለኢጣልያ ሆነች። ገበታውን የሠራው ሰው ሁለቱን ከተሞች ግድግዳ ለግድግዳ ያስቀመጠው ያለ ነገር አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ ተሰብስበን ዕጣ ልናወጣ ስንል «አውስትርያን ያለ ዕጣ ስጡኝ» አልሁ፤ የተቀናቀነኝም አልነበረም። ኢጣልያ ለሴት ልጄ፥ መስኮብ ለመምህሩ፥ ቱርክ ለባለቤቴ፥ ፈረንሳይ ለእኅቴ ልጅ፥ እንግሊዝና ጀርመን ለወንዶቹ ልጆቼ ደረሱ። የምክር ጊዜ ገና ሲጀመር ከሁሉ በፊት ተነሥቼ ልጄን ወደ በረንዳ ጠራኋት።

«ልጄ፥ እኔና አንቺ ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ትሪዬስቴን ብትወስጂብኝ አንድ ከተማ ታተርፊአለሽ፥ እኔ ግን እጠፋለሁ። እኔ ከጠፋሁ በማግሥቱ ጎረቤቶችሽ መስኮብና ቱርክ ናቸው፤ እነርሱ እንደ እኔ ደካሞች አይደሉም። ስለዚህ እኔ አጥርሽ ነኝ።»

ጥቂት አሰበችና፥ «እሺ አባባ፤ ነገር ግን እኔ ኢጣልያ ነኝና ውሉን በሁለት ቋንቋ አንጻፈው» ብላ ሣቀች።

እኔም ሣቅሁ። ይሁን እንጂ ለጸሐፊ ሰው ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. በተደረገው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ አማርኛው ፈቃድ ያደረገውን ኢጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት ነበር። የዚያ ልዩነት ሒሳብ የተወራረደው በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ነው። ስለዚህ እኔና ልጄ የተስማማንበትን ነገር ቃል በቃል ደገምነው፤ እርስዋ ከቬኒስ ወደ ትሪዬስቴና ወደ ቲሮል አትወጣም፥ እኔም መርከቤን ከትሪዬስቴ ወደ አልባንያ እሰዳለሁ፤ ከዚያም በኋላ ሁለታችን ፊታችንን ወደ ቱርክ እንመልሳለን። «ወይም» የሚል ቃል አልገባበትም።

ከመምህሩ ጋራ የተነጋገርነው ግን እንደዚህ የጸዳ አልነበረም። ጋሊሲያን ሁለታችንም ባዶ እንድንተዋት ቃል ተገባባን። ወረቀቱ ሲነበብ የእርሱ ጦር ከዋርሶ፥ የእኔ ጦር ከቪዬና ወደ ጋሊሲያ ዘምተው ተገኙ። ጉልበታቸው እኩል ስለ ሆነ ተጋጭተው ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ቤቱም በሣቅ ተናወጠ። ጉዳቱ የታወቀን ቆይቶ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ እርስ በርሳችን ስለማንተማመን፥ እርሱም እኔም በዚያ ድንበር አንዳንድ ጦር ያለ ሥራ አስረን አቆምን። ድሃ መንግሥት ካሉት ጥቂት ጦሮች አንዱን አለመተማመን ሲበላበት ኪሳራው እንዴት ትልቅ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ቆጠርሁት።

የቀረው መልካም ሆነ። ከቡዳፔስት ሰርብያን ያዝሁ፤ በመጸውም ከሰርብያ እየተረዳሁ ከአልባንያ ወደ ግሪክ ገባሁ። በአንድ ዓመት ሦስት የነበሩኝ ከተሞች አምስት ሆኑ። ልጄ መርከቦቿን በባሕር ስትልክ እኔ በባልካን እየገፋሁ፥ በ1904 ዓ.ም. ቱርክን ከገበታው አስወጣናት። ቱርክ የነበረችው ባለቤቴ «ባልና ልጅ ተባብረው በሉኝ» ብላ ለሁለት ቀን ያህል በጨዋታ ስታኮርፈን ሰነበተች።

ፈተናው የመጣው በ1905 ዓ.ም. መጸው ነው። የልጄ ጦር ሁሉ ወደ ምሥራቅ ርቆ ነበር፥ ቬኒስም ባዶዋን ቀርታ ነበር። እኔ በትሪዬስቴ አንድ ጦር ነበረኝ። የእኅቴ ልጅ ፈረንሳይን አግንኖ ሲጠብቅ ቆይቶ ወደ ጓዳ ጠራኝና «ጋሼ፥ ቬኒስ አንድ እርምጃ ናት። ይግቡ፤ በወዲያኛው በኩል እኔ እረዳዎታለሁ። ጨዋታ ነው፥ ደንቡም ይፈቅዳል» አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥሁና «የትሪዬስቴ ጦር ወደ ቬኒስ» ብዬ ጻፍሁ። እጄም አልተንቀጠቀጠ።

ከጻፍሁ በኋላ ቀና ብል ልጄ አንገቷን ደፍታ ትእዛዟን ስትጽፍ አየኋት። ያን ጊዜ እንደ ሒሳብ ጸሐፊ አሰብሁበት። ኀያል ሰው ቃሉን ቢያፈርስ ስሙ ይጐድፋል እንጂ ጦሩ ይቀርለታል። ደካማው ግን ከቃሉ በቀር ሌላ ጦር የለውም፤ ያንንም የሚሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቬኒስን ባገኝ ከዚያ ወዲያ ማንም ወደ በረንዳ ተከትሎኝ አይወጣም፥ ፈረንሳይም እኔንና ልጄን ተራ በተራ ይለቅመናል። ወረቀቱን ቀድጄ በሌላ ጻፍሁ።

ትእዛዙ ሲነበብ መምህሩ ከሩማንያ ተነሥቶ በጥቁር ባሕር ባለች መርከብ እየተረዳ፥ በቡልጋርያ ባለው ጦሬ ላይ ዘምቶአል። ጦሬ ብቻውን ቢሆን ይወድቅ ነበር። የልጄ ወረቀት በተራው ሲነበብ ግን «በቁስጥንጥንያ ያለው ጦር በቡልጋርያ ያለውን የአውስትርያ ጦር ይርዳ» የሚል ተገኘ። እኔ ሳልለምናት የጻፈችው ነው። ያን ወረቀት ባልቀድድ ኖሮ እርስዋ ቤቴን ስትጠብቅልኝ እኔ ቤቷን ስዘርፍ በሰው ሁሉ ፊት በተገኘሁ ነበር። ላቤ መጣ።

ከዚያ በኋላ ፈረንሳይ እየበረታ 15 ከተማ ያዘ። እኔ 7፥ ኢጣልያ 7፥ መስኮብ 5 ነበረን። መምህሩም ቂሙን ትቶ ከእኛ ጋራ መስመር ስለ ገጠመ፥ ፈረንሳይ 18ቱን ሊሞላ አልቻለም። ደንቡ የተረፉት ሁሉ ከተስማሙ ጨዋታው በእኩልነት እንዲያልቅ ስለሚፈቅድ፥ አራታችን ተስማምተን ተነሣን። አውስትርያ አላሸነፈችም፤ ነገር ግን ማታ ዕቃው ሲሰበሰብ ከገበታው ላይ ነበረች።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ማመልከቻውን በመሳቢያው ትቼ አንድ ኪሎ ቡና ገዛሁና ወደ ወንድሜ ቤት ሄድሁ። ዘበኛው አላወቀኝም። ወንድሜ በደጅ ብቅ ብሎ ባየኝ ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሆኖም ግባ አለኝ። ከተቀመጥን በኋላ እንዲህ አልሁት፦

«ወንድም ጋሼ፥ እርስዎ ከእኔ ይበረታሉ፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ብንካሰስ ሁለቱን ክንድ አገኝ ይሆናል፥ ላላገኝም እችላለሁ። እስከዚያው ግን ግቢው ለኪሳራና ለሐራጅ ይዳረጋል። እኔ አጥርዎ ነኝ። እኔ ቸግሮኝ ብሸጥ ከማያውቁት ሰው ጋራ ይዋሰናሉ።»

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ኋላ «ማን መከረህ?» ሲለኝ፥ አውስትርያ ልለው ነበር፤ ነገር ግን ነገሩ ረጅም ስለ ሆነ ተውሁት። ቡናው ቀረበ። ሦስተኛው ስኒ ሲጠጣ «በል እንግዲህ፥ እንደ ሁኔታው እናየዋለን» አለ። ይህን ቃል በሰማሁ ጊዜ የቡዳፔስት ጦር ትዝ አለኝ። «ወንድም ጋሼ፥ ቀኑን ይቁረጡልኝ» አልሁት። አየኝና ሣቅ አለ፤ ለቅዳሜም ቀጠረኝ።

ቅዳሜ ሁለት ሽማግሎች ገመድ ይዘው መጡ። ሲለካም የተገፋው ሁለት ክንድ አልነበረም፤ አንድ ክንድ ተኩል ሆነ። እኔም በማመልከቻዬ ሁለት ክንድ ብዬ ጽፌ ነበርና አፈርሁ። ግንቡ እንዲቆም፥ ወንድሜ ግን የቦታውን ዋጋ በሁለት ጊዜ እንዲከፍለኝ ተስማማን። የመጀመሪያውን ከፍሎአል፥ ሁለተኛው ቀኑ አልደረሰም። ውሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ «ወይም» የሚል ቃል የለበትም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በሥራችሁ እንደ መስኮብ የበረታችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ነገር ግን ከወንድም፥ ከጎረቤት፥ ወይም ከዕድሜ ጋራ በሚሆን ነገር ሁሉም ሰው አንድ ቀን የአውስትርያ ዕጣ ይደርሰዋል። ያን ቀን ወንበር ላይ ተደላድሎ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አይበጅም። አስቀድሞ መነሣት፥ የሚሉትን ቁርጥ አድርጎ መናገር፥ የተናገሩትንም መጠበቅ ይሻላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ድል ላይገኝ ይችላል።

ባለፈው እሑድ ልጆቹ የትእዛዝ መጻፊያ ወረቀት ቢያጡ መሳቢያዬን ከፍተው ያንን የክስ ማመልከቻ አገኙ። ጀርባው ንጹሕ ስለ ነበር ቆራርጠው ተካፈሉት።